ገዳዩ ብርዱ አይደለም

ጋይንት ውስጥ ድንች የተከለ ሰው የአንዲት ሌሊት ውርጭ ምን እንደምታደርግ ያውቃል። ማታ ለምልሞ የታየው ማሳ ጠዋት ጠቁሮ ይገኛል። አሁን ይህን ስሙ፦ ሊማ፣ ፔሩ ያለው ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል የድንች ቡቃያ ጫፎችን ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ያኖራል፤ አውጥተው ሲተክሏቸውም ያድጋሉ! እንዴት ሆኖ?

ጉዱ ያለው ውሃው ላይ ነው። የለመለመ ሕዋስ አብዛኛው አካሉ ውሃ ነው፤ ውሃው በውስጡ በረዶ ሲሠራ ስሱን ሽፋን ይቀደዋል። የሚገድለው በረዶው እንጂ ብርዱ አይደለም። ምስክር ከፈለጋችሁ በዚያችው ሌሊት ደጅ ተረስቶ ያደረውን ደረቅ ገብስ ዝሩት፤ ይበቅላል። አዲስ አበባ ያለው፣ በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዘር ባንክም በዚሁ ብልሃት ነው የሚሠራው፤ ዘሩን በደንብ አድርቆ፣ አሽጎ፣ ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ያስቀምጣል።

እንደ ድንቹ ጫፍ ለምለም የሆነውን፣ በብልቃጥ የሚራባውን የተክል ሕዋስ ግን እንደ ገብስ ፀሐይ ላይ አናሰጣውም። ዝም ብለን እንዳናራባው ደግሞ በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ ምግብ ይፈልጋል፤ ሻጋታ ሊገባበት፣ ባሕርዩም ቀስ በቀስ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ከውስጥ ያደርቁታል። መጀመሪያ ስኳር የበዛበት ምግብ ይሰጡታል፤ ቀጥሎ ከበረዶ የሚጠብቁትን ግሊሰሮልና ዳይሜቲል ሰልፎክሳይድ ይጨምሩበታል። ከዚያ በየደቂቃው 1 ዲግሪ ያህል እየቀነሱ ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ያወርዱታል። በረዶው ቀድሞ ከሕዋሱ ውጭ ይሠራና የውስጡን ውሃ ወደ ውጭ ይስባል። የቀረው እንደ ማር ይወፍራል። በዚህ ጊዜ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ቢነክሩት እንደ መስታወት ይጠጥራል እንጂ በረዶ አይሠራም።

ሲያወጡት ግን መዘግየት የለም! 40 ዲግሪ በሞቀ ውሃ በፍጥነት ያሟሙታል፤ ካዘገሙ በረዶው መንገድ ላይ እንደገና ይሠራል።

ሙከራው ሩቅ ከሆነ ተክል አልጀመረም፤ በ1968 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ራልፍ ኳትራኖ ያቀዘቀዘው የተልባ ሕዋስ ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከፈሳሽ ናይትሮጅን የወጣ የካሮት ሕዋስ ተከፋፍሎ ቡቃያ ሆነ።

መተማመኛውም ያው የገበሬው ነው። ከብዙዎቹ ብልቃጦች አንዱን ያወጡና ይዘሩታል፤ ከበቀለ ሌሎቹን አይነኳቸውም።