ተቋማዊ የዲጂታል ማከማቻ

ተቋማዊ የዲጂታል ማከማቻ አንድ ዩኒቨርሲቲ የመምህራኑንና የተማሪዎቹን ሥራዎች ሰብስቦ በኢንተርኔት ለአንባቢ የሚያቀርብበት ሥርዓት ነው። የመመረቂያ ጽሑፎች፣ የጥናት መጣጥፎች፣ የማስተማሪያ ጽሑፎች፣ ድምፅና ምስል ይቀመጡበታል።

በኢትዮጵያ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በመስከረም 2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። ፖሊሲው በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተውን ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ይመለከታል። ሶዶ ላይ በጥራዝ ብቻ ተቀምጦ የቀረን ጽሑፍ የቦዲቲ ወይም የአረካ መምህር ለማንበብ መንገድ መጀመር አለበት። ማከማቻው ይህን ድካም ያስቀራል።

ይሁን እንጂ ፋይል መጫን ብቻ አይበቃም፤ የተጫነው መገኘት አለበት። በስካነር የተነሣ ገጽ ለኮምፒውተር ሥዕል ነው፤ ፊደሎቹ በሶፍትዌር ካልተለዩ በውስጡ ቃል መፈለግ አይቻልም። በአማርኛ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በጥንታዊ የድንጋይ ካቡ የሚታወቀው የወላይታ ካዎ (ንጉሥ) ስም «ሃላላ»፣ «ሐላላ» ወይም «ኃላላ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ለአንባቢ ድምፁ አንድ ነው፤ በዩኒኮድ ግን ሃ፣ ሐ እና ኃ የተለያዩ ቁጥሮች ስላሏቸው፣ ፊደል በፊደል የሚያነጻጽር ፍለጋ አንዱን ሲጠየቅ ሌላውን አያመጣም። መፍትሔው ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚያይ ፍለጋ መሥራት ነው፤ እስከዚያው ሥራውን የሚያስገባው ሰው ሦስቱንም አጻጻፍ በቁልፍ ቃላት ቦታ ቢሞላ ይበጃል። የወላይታ ቋንቋ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የዚያኛው አጻጻፍም አብሮ ይገባል።