ስለ ፒፓ መጥረጊያ አመራረጥና አጠቃቀም
(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች)

ዕቃ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው፤ የገዛውን ዕቃ በአግባቡ የሚይዝ ግን ጥቂት ነው። ደኅና ፒፓ በዋጋው ውድ ከመሆኑም በላይ፤ ባለቤቱ ካወቀበት ዕድሜ ልኩን የሚያገለግለው፤ ከእርሱም በኋላ ለልጆቹ መታሰቢያ ሆኖ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ዳሩ ግን በዝቅተኛ ዋጋ የሚገኘውን መጥረጊያ ባለመያዝ፤ ወይም ይዞ ባለማወቅ፤ ብዙ ፒፓ ያለ ጊዜው ይበላሻል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን የፒፓ መጥረጊያ ምን እንደ ሆነ፤ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚሠራበት ባጭሩ እንገልጻለን።

አስቀድሞ ፒፓው ለምን እንደሚቆሽሽ ማወቅ ይገባል። ፒፓ ሦስት ክፍል አለው፤ ይኸውም ትንባሆው የሚነድበት ጽዋ፤ ከጽዋው የሚወጣው አንገትና በአፍ የሚያዘው መሳቢያ ነው። በአገራችን የታወቀው ጋያ ጢሱን በውሃ ውስጥ ያሳልፈዋል። ፒፓ ግን ውሃ የለውም። ትንባሆው ሲነድ የሚወጣው እንፋሎት በቀጭኑ ቀዳዳ ሲያልፍ ይቀዘቅዝና ወደ ጠብታነት ይለወጣል፤ ሬንጅ ከመሰለው ከጢሱ ዝቃጭ ጋራም ይቀላቀላል። ይህ እርጥበት ካልተጠረገ መተላለፊያውን ያጠባል፤ ጢሱን ያመርራል፤ እንጨቱም ጠጥቶት መጥፎ ሽታ ይይዛል።

እንጨቱም ቢሆን ተራ እንጨት አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1850ዎቹ ዓመታት ወዲህ ደኅና ፒፓ በብዛት የሚሠራው ብራየር ከሚባለው እንጨት ሲሆን፤ በዚህ ሙያ በፈረንሳይ አገር የምትገኘው የሴን ክሎድ ከተማ ስመ ጥር ናት። ብራየር የሚገኘው በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ ከሚበቅል ተክል ሥር ላይ ከሚያብጠው ጉጥ ነው። ይኸው ተክል በስሜንና በባሌ ተራሮች ላይም ይበቅላል፤ እኛም አስታ እንለዋለን።

መጥረጊያው እርስ በርሳቸው የተገመዱ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችና በመካከላቸው የተያዘ የጥጥ ጭረት ነው። በዛሬው መልኩ የተፈለሰፈው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ፤ በኒው ዮርክ ግዛት ባለችው በሮቸስተር ከተማ ነው። ሽቦው እንደ ልብ ይታጠፋል፤ ጥጡ ደግሞ እርጥበቱን ይመጣል። የመጥረጊያው ጥቅም ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መተባበር ላይ የቆመ ነው።

እንግዲህ መጥረጊያ ሲመርጡ ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፤ ውሃ የሚመጥ መሆኑን። ጥቂት የውሃ ጠብታ ቢያሳርፉበት ጥሩው ወዲያው ይጠጣዋል፤ መጥፎው ግን ያንከባልለዋል። ልጆች ለእጅ ሥራ የሚጠቀሙበት በልዩ ልዩ ቀለም የተነከረው ዓይነት ከናይለንና ከመሰለው ጭረት የሚሠራ ስለ ሆነ፤ መልኩ ቢመሳሰልም ለፒፓ አይሆንም። ሁለተኛ፤ ውፍረቱን። የብዙ ፒፓዎች መተላለፊያ አራት ሚሊሜትር ያህል ስለ ሆነ፤ መጥረጊያው ዙሪያውን እየነካ ሳይታገል ማለፍ አለበት። አንደኛው ጫፍ ቀጭን፤ ሌላው ወፈር ያለ ሆኖ የሚሠራም አለ፤ ቀጭኑ ለመሳቢያው፤ ወፍራሙ ለአንገቱ ይስማማል። ሦስተኛ፤ የሽቦው ጫፍ ከጥጡ አልፎ አለመውጣቱን ይመርምሩ፤ የወጣ ሽቦ መሳቢያውን ይፍቃልና። ሻካራ ጭረት የተቀላቀለበት መጥረጊያ የደረቀ ቆሻሻን ለማንሣት ጠቃሚ ነው፤ ለየዕለቱ ግን ለስላሳው ይበቃል።

መጥረጊያ ባለቀ ጊዜ በስንደዶ ወይም በተራ ሽቦ የሚጐረጕሩ ሰዎች አሉ። ስንደዶው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፤ ሽቦው ደግሞ እንጨቱን ይቧጭራል። ከዚህ ይልቅ መጥረጊያ እስኪገኝ ድረስ ፒፓውን ማሳረፍ ይሻላል።

አጠቃቀሙም እንዲህ ነው። ፒፓው እየነደደ ሳለ የውሃ ድምፅ ቢያሰማ፤ ሳይፈቱት መጥረጊያውን በመሳቢያው በኩል እስከ ጽዋው ሥር አስገብተው ጥቂት ካቆዩ በኋላ ይሳቡት። ትንባሆው ካለቀ በኋላ ግን ፒፓው ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ይታገሡ። ሙቀትና እርጥበት ያሳበጡት እንጨት መሳቢያውን አጥብቆ ስለሚይዘው፤ በዚያን ጊዜ ለመፍታት የሚቸኩል ሰው አንገቱን ሊሰነጥቀው ወይም መጋጠሚያውን ሊያላላው ይችላል። ብዙ ፒፓ የሚሞተው በእሳት ሳይሆን በዚህች የችኮላ ደቂቃ ነው። ሲፈቱም ጽዋውን ሳይሆን አንገቱን ይዘው፤ መሳቢያውን በቀስታ እያዞሩ ይሳቡ። መጥረጊያው ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ እየለዋወጡ ይጥረጉ፤ ለሰፊው ለአንገቱ ቀዳዳ አንዱን መጥረጊያ ሁለት አጥፎ መጠቀም ይቻላል። ከዚያም ፒፓው ቢያንስ አንድ ቀን ይረፍ።

አልፎ አልፎ መጥረጊያውን በንጹሕ አልኮል ነክሮ መጥረግ የቆየውን ዝቃጭ ያሟሟል። ነገር ግን ለምድጃ የሚሸጠው እስፒሪቶ መርዝ ሊቀላቀልበት ስለሚችል፤ በአፍ ለሚያዝ ዕቃ አይገባም። አልኮሉ የውጩን ቀለም እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ ሥራውንም ከእሳት ርቀው ይሥሩ፤ ፒፓው ፈጽሞ ሳይደርቅም እሳት አያስነኩት። ያገለገለውን መጥረጊያ በጠረጴዛ ላይ አይተዉ። በላዩ ያለው ዝቃጭ ኒኮቲን አለበት፤ ኒኮቲን ደግሞ ሕፃን ልጅን ሊመርዝ የሚችል ነገር ነው። ክዳን ባለው ቆሻሻ መጣያ ጥለው እጅዎን ይታጠቡ።

ክቡራን አንባብያን፤ ይህን ሁሉ ካልን በኋላ አንድ ነገር ሸሽገን ማለፍ አይገባንም። መጥረጊያው የሚያወጣው በፒፓው የቀረውን ብቻ ነው፤ ወደ አፍና ወደ ሳንባ ያለፈውን የሚጠርግ መሣሪያ የለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የጤና ጥበቃ ሹም ዘገባ ፒፓ ማጤስን ከከንፈር ካንሰር ጋራ አያይዞታል። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርመራም የአፍን፤ የጉሮሮንና የሳንባን ካንሰር ጨምሮበታል። ጢሱን ወደ ውስጥ አልስብም የሚለው ሰው እንኳ ከዚህ አደጋ ነጻ አይደለም። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጤስን ስለሚከለክል፤ ፒፓ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚለኰስበት ጊዜ አልፏል።

ስለዚህ ፒፓ የሚያጤስ ሰው ከመጥረጊያው ላይ የሚያየውን ጥቍረት ልብ ብሎ ይመልከተው፤ ማጤሱን ለመተው የሚያስብም ቢሆን ሐኪሙን ያማክር። የአባቱን ፒፓ ለመታሰቢያ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ አጽድቶና አድርቆ፤ ፀሐይ ከማይነካው ቦታ ያኑረው። የፀሐይ ብርሃን ከጠንካራ ጎማ የተሠራውን መሳቢያ መልኩን ይለውጠዋልና። እንዲህ የተያዘ ፒፓ ትንባሆ ሳይገባበትም ለብዙ ዘመን ይኖራል።