አዲሱ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፦ ጥቅሙና ጉዳቱ በሚዛን

ልጃችሁ ለሚጥል በሽታ አዲስ ኪኒን ከጀመረ ወዲህ መውደቁ ቀንሷል እንበል። ነገር ግን ቀን ቀን ያንቀላፋል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል። ታዲያ ማስቆም ነው ወይስ መታገስ?

በቅድሚያ ሁለቱንም ወገን እንመልከት። በአንድ በኩል የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት አለ። በሌላ በኩል እሳት ላይ ወይም ውኃ ውስጥ መውደቅ፣ አልፎም ሞት አለ። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ያለማቋረጥ የሚያንዘፈዝፍ ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየ ማንዘፍዘፍ አስቸኳይ ሕክምና ይሻል። ስለዚህ ሐኪም ሳታማክሩ አታስቁሙ።

ጉዳቱ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። ፌኖባርቢታል ያደነዝዛል፣ ልጆችን ሊያቅበጠብጥ ይችላል። ፌኒቶይን ድድ ያሳብጣል። ቫልፕሮዬት ክብደት ይጨምራል፣ ፀጉር ያሳሳል። ሌቬቲራሴታም ቁጡነትና ድብርት ሊያመጣ ይችላል። ድብታና ማዞር ብዙውን ጊዜ ሰውነት ሲለምድ ወይም ሐኪሙ መጠኑን ሲያስተካክል ይቀንሳሉ።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶችም አሉ። ካርባማዜፒን ወይም ላሞትሪጂን በጀመረ ሰው ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽፍታ ከወጣ፣ በተለይ ትኩሳት ወይም የአፍ ቁስለት ካለው፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት። የዓይን ቢጫ መሆን፣ የማያቋርጥ ትውከትና ራስን የመጉዳት ሐሳብም እንዲሁ ናቸው።

እህቶች ሆይ! ቫልፕሮዬት በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ከ10 ሕፃናት በ1ዱ ገደማ የአካል ጉድለት ያስከትላል፤ ከ10ሩ ከ3 እስከ 4 የሚሆኑት ላይ ደግሞ የአእምሮ እድገት ችግር ሊታይ ይችላል። ለማርገዝ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ለሐኪም ንገሩ። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንን እንደሚያዳክሙም አትርሱ።

ረመዷን ከመግባቱ በፊት ሐኪም አማክሩ። በቀን ሁለቴ የሚወሰደውን ወደ ኢፍጧርና ሱሑር ማዛወር የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ እንቅልፍ ማጣት ግን ሕመሙን ይቀሰቅሳል። ሐኪሙ ጾም ይጎዳዋል ካለ፣ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ (184-185) ለታመመ ሰው የሰጠውን ፈቃድ እናስታውስ።

አንዳንድ ቤተሰብ ዱዓእና ሩቅያ ከተጀመረ ኪኒን አያስፈልግም ይላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሕክምና እንድንሻ አዘዋል። ቁርኣን እየተቀራ ኪኒኑም በሰዓቱ ይወሰድ።

በመጨረሻም አንድ ደብተር አዘጋጁ። የወደቀበትን ቀን፣ የቆየበትን ደቂቃ፣ እንቅልፉንና ጠባዩን መዝግባችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። መጠኑን መቀነስ ወይም መድኃኒቱን ቀስ በቀስ መቀየር ይቻላል፤ ለመወሰን ግን ሐኪሙ የእናንተን ዓይን ይፈልጋል።

አላህ ለሕሙማኖቻችን ዓፊያ ይስጥልን። አሚን።