በትንሽ ገንዳ ስንት ዓሣ ይኖራል?

ልጆች ሆይ፥ ሁሉ ነገር ልክ አለው። አህያ የሚሸከመው ጭነት ልክ አለው፤ እርሻም የሚቀበለው ዘር ልክ አለው። እንደዚሁም በቤት ውስጥ በመስተዋት ገንዳ የተቀመጠ ውኃ የሚችለው ዓሣ ልክ አለው። ይህን ልክ ሳያውቅ ዓሣ የሚያኖር ሰው፥ ሊያሳድጋቸው አስቦ ሳለ ይገድላቸዋል።

ጉፒ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለ። የትውልድ አገሩ የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍልና በአጠገቡ ያለችው የትሪኒዳድ ደሴት ናት። ሮበርት ጉፒ የሚባል ሰው ይህን ዓሣ ከትሪኒዳድ ወደ ሎንዶን ቤተ መዘክር ልኮ ነበርና፥ በ1866 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር አንድ ሊቅ በላኪው ስም ጠራው። ወንዱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ መልኩ በቀይ፥ በሰማያዊና በቢጫ ያጌጠ ነው፤ ጅራቱም እንደ ሐር ጨርቅ ይወዛወዛል። ሴቲቱ ግን በአካል ትበልጠዋለች፤ በመልክ ታንሰዋለች።

ብዙ ሰዎች ይህን ዓሣ ስለ ውበቱ በቤታቸው ያኖሩታል። ነገር ግን ትንሽ ስለ ሆነ፥ ብዙውን በአንድ ገንዳ ማኖር የሚቻል ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። የወንዝ ውኃ ሲፈስ እድፉን ይወስዳል፤ የገንዳ ውኃ ግን አይፈስምና እድፉ ከዓሣው ጋራ ይቀመጣል። ከእድፉም አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ በውኃ ውስጥ አይታይም፤ ስለዚህ ውኃው ጥሩ መስሎ ሳለ ዓሣው ይሞታል። በአሸዋውና በማጣሪያው ላይ ባክቴሪያ የሚባሉ፥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ይኖራሉ፤ እነርሱም መርዙን ጕዳቱ ወደሚያንስ ነገር ይለውጡታል። ነገር ግን በአዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪበዙ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ከበዙም በኋላ ልክ ያለፈ እድፍ አይችሉም።

እንግዲህ ዓሣ ከመግዛት በፊት ውኃውን መለካት ይገባል። የገንዳውን ርዝመት፥ ስፋትና ከፍታ በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ እርስ በርሱ አባዙ፤ የተገኘውንም ለ1000 አካፍሉ። ርዝመቱ 40፥ ስፋቱ 25፥ ከፍታው 20 ቢሆን፥ ሲባዛ 20000 ይሆናል፤ ለ1000 ሲካፈል 20 ሊትር ነው። ጀማሪ ሰው ለአንድ ጉፒ 4 ሊትር ያህል ቢመድብ ይበጀዋል። አሸዋና ድንጋይም ቦታ ስለሚይዙ፥ በዚህ ገንዳ 4 ጉፒ ይበቃል።

ሌላም ነገር አለ። ጉፒ እንደ ብዙዎች ዓሦች እንቍላል አይጥልም፤ ሕያዋን ልጆች ይወልዳል እንጂ። አንዲት ሴት በ4 ሳምንት ገደማ አንድ ጊዜ ትወልዳለች። ሦስት ሴቶች እያንዳንዳቸው 30 ቢወልዱ፥ በአንድ ወር 90 ልጆች ይሆናሉ። ትልልቆቹ ዓሦች ከሚወለዱት አንዳንዱን ይበላሉ፤ ቢሆንም የሚተርፉት ገንዳውን ለመሙላት ይበቃሉ። ወንዱን ብናወጣው መውለድ ይቀራል የሚል ቢኖር፥ ሴቲቱ የተቀበለችውን ዘር ለብዙ ወራት በሆድዋ እንደምታኖር ይወቅ።

ስለዚህ ትንሽ ገንዳ ያለው ሰው ወንዶችን ብቻ ቢያኖር ይሻለዋል። ወንድና ሴት ማኖር የሚወድ ግን፥ ወንዱ ሴቲቱን ያለ ዕረፍት ያሳድዳታልና፥ ለአንድ ወንድ 2 ወይም 3 ሴቶች ያድርግ፤ ለሚወለዱትም ሰፊ ገንዳ አስቀድሞ ያሰናዳ። በየሳምንቱም ከውኃው አንድ አራተኛውን እየቀዳ በንጹሕ ውኃ ይተካ። ዓሦቹ ቢበዙበት ወደ ወንዝ አይጣላቸው። ጉፒ የትንኝ ዕጭ ይበላል ተብሎ በብዙ አገር ወንዝ ውስጥ ተጥሎ ነበር፤ በአንዳንድ ስፍራም የአገሩን ዓሣ ጎዳ።

ልጆች ሆይ፥ በሬ ሲርበው ይጮኻል፤ ውሻም ሲጠማው ወደ ጌታው ይመጣል። ዓሣ ግን ድምፅ የለውም። ወደ ውኃው ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ብታዩት፥ ጭንቀቱን የሚናገረው እንደዚህ ነው። ድምፅ ለሌለው ፍጥረት የሚያስብለት ጠባቂው ነውና፥ «ስንት ልግዛ?» ከማለት በፊት «ውኃዬ ስንቱን ይችላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እርሱ አስተዋይ ነው።

ጥያቄ።
1. የገንዳ ውኃ ከወንዝ ውኃ በምን ይለያል?
2. ርዝመቱ 50፥ ስፋቱ 40፥ ከፍታው 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ስንት ሊትር ይይዛል?
3. በትንሽ ገንዳ ወንዶችን ብቻ ማኖር ስለ ምን ይሻላል?