ከውርጩ በኋላ የሚመጣው ፀሐይ

በጥቅምትና በኅዳር ደብረ ብርሃን አካባቢ ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል፤ ውርጭም ይወርዳል። ሲነጋ ያው ደመና የሌለው ሰማይ ኃይለኛ ፀሐይ ያወርዳል። ባቄላው ሲጠወልግ «ውርጭ መታው» እንላለን። ልክ ነው፤ ነገር ግን በውርጩ ጉዳት ላይ የጠዋቱ ብርሃንም የራሱን ይጨምራል።

ክሎሮፊል ብርሃን ለመቀበል ሙቀት አያሻውም፤ በ2 ዲግሪም በ25 ዲግሪም ይቀበላል። የተቀበለውን ኃይል ወደ ስኳር የሚለውጡት ኢንዛይሞች ግን በብርድ ይፈዛሉ፤ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር ፍጥነታቸው ወደ ግማሽ ይጠጋል። ድንጋዩ እየተንቀረፈፈ እህሉ እንደ ወትሮው የሚፈስበት ወፍጮ ማለት ነው። መውጫ ያጣው ኃይል ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶችን ይፈጥራል፤ ዲ1 የሚባለውን ፕሮቲን ይጎዳል። ቅጠሉ ዲ1ን ዘወትር ያድሳል፣ ብርድ ግን እድሳቱንም ያዘገየዋል።

በካናዳ በመስከረም ተዘርቶ የበረዶውን ወራት ማሳ ላይ የሚያሳልፈው ስንዴ ይህን እንዴት ይችለዋል? ከፊሉን ትርፍ ኃይል ዚያዛንቲን በሚባል ቢጫ ቀለም አማካይነት በሙቀት መልክ ያስወጣል። ይበልጥ የሚደንቀው ግን የኃይሉን መውጫ ማስፋቱ ነው። በ5 ዲግሪ ገደማ ለሳምንታት ሲቆይ የሚያወጣው አዲስ ቅጠል አጠር፣ ወፈርና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፤ ውስጡ ሩቢስኮ የሚባለው ኢንዛይምና ሱክሮስ የሚባለውን ስኳር የሚሠሩ ኢንዛይሞች በብዛት ይገኛሉ። ስለዚህ በብርድም ስኳር ይሠራል፤ ስኳሩም ከግንዱ መነሻ ተከማችቶ ሴሎቹን ከበረዶ ይጠብቃል። ብርሃኑ ራሱ የብርድ መከላከያ ሆነ ማለት ነው። በቆሎ ይህ ችሎታ የለውም፤ ከ15 ዲግሪ በታች ያደገ ቅጠሉ ይገረጣል።

የእኛ ደጋ ችግር ከካናዳው ይለያል። ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ ሞቃት በመሆኑ ተክሉ የሚለማመድበት ተከታታይ ቀዝቃዛ ሳምንት አያገኝም። ውርጩም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሰብሉ ሲያብብ ወይም ፍሬ ሲይዝ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ የመቋቋም አቅሙ ዝቅተኛ ነው። የበረዶ አገር ዝርያ ብናመጣ ይህን አይፈታልንም።

ዘር ስንመርጥ ታዲያ በውርጭ ማግስት የሞተውንና የተረፈውን መቁጠር አይበቃም። ቅጠሉን በትንሽ መቆንጠጫ ለግማሽ ሰዓት አጨልሞ፣ ብርሃን ሲበራበት ክሎሮፊሉ የሚመልሰውን ቀይ ፍካት የሚለካ መሣሪያ አለ። ጤነኛ ቅጠል 0.83 አካባቢ ያሳያል፤ የተጎዳው ገና ሳይገረጣ ከዚያ ይወርዳል። የደጋ ገብስና ባቄላ አዳቃዮቻችን ይህን ልኬት በውርጭ ማግስት ጠዋት፣ ማሳው ላይ ሊወስዱት ይገባል።