ሕዋሱ ይቁም ወይስ ይሙት?

አዲስ አበባ ውስጥ ጎፋ ገብርኤልም ሆነ ጎፋ መብራት ኃይል ልጁን የሚያስተምር ወላጅ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ጥያቄ አይለቀውም፦ ምንም ያላመማት ልጅ ስለ ምን የካንሰር ክትባት ትወጋለች? የማህፀን በር ካንሰር ክትባት በአገር ደረጃ የተጀመረው በዚያ ዓመት ነው። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬም አብሮት አለ። አያደርግም፤ መርፌው ውስጥ ያለው ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ የኤችፒቪ ባዶ ቅርፊት ነው፣ ዘረመሉ የለበትም። ለምን በልጅነት የሚለው ግን ደህና ጥያቄ ነው፤ መልሱም ፒ53 ከሚባል ፕሮቲን ይጀምራል።

ፒ53 እ.ኤ.አ. በ1979 ሲገኝ ካንሰር አምጪ ተብሎ ነበር። ከልካይ መሆኑ የታወቀው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በደህናው ጊዜ ኤምዲኤም2 የተባለ ፕሮቲን እየያዘ ስለሚያስፈርሰው በሕዋስ ውስጥ ጥቂት ብቻ ይገኛል። ዲኤንኤ ሲበጠስ ይህ ቁጥጥር ይላላና ፒ53 ይከማቻል። ያኔ ወይ ፒ21 የተባለውን ጂን አስነሥቶ ሕዋሱ እንዳይከፋፈል ያግደዋል፤ ወይ ፑማና ባክስ የተባሉትን ጂኖች አስነሥቶ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርገዋል።

የትኛውን? አንዱ ጉዳይ መጠንና ጊዜ ነው። በአንዳንድ ሕዋሳት ላይ እንደታየው ፒ53 በየአምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ከፍ ዝቅ ካለ ሕዋሱ ለጥገና ፋታ ያገኛል፤ ሳይወርድ ከቆየ መከፋፈሉን ለዘለቄታው ይተዋል። ቶሎ ብሎ ከአንድ ገደብ ካለፈ ደግሞ ሞት ይመጣል። ሌላው ጉዳይ በዚያው ሰዓት ሕዋሱን ወደፊት የሚገፋው ነገር ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ይኸኛው ነው።

ኤችፒቪ እዚህ ላይ ይገባል። 16 እና 18 የተባሉት ዓይነቶች ከማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ። ኢ7 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን አርቢ የሚባለውን ሌላ ከልካይ አስወግዶ ሕዋሱን ተከፋፈል እያለ ይገፋዋል። ይህ ግፊት ፒ53ን መቀስቀሱ ስለማይቀር ኢ6 የተባለው ሌላው የቫይረሱ ፕሮቲን ደግሞ የሕዋሱን የራሱን ኢንዛይም ተጠቅሞ ያስፈርሰዋል። በሌሎች ብዙ ካንሰሮች የፒ53 ጂን ራሱ ተበላሽቶ ይገኛል። በዚህኛው ግን ጂኑ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው፤ ፕሮቲኑ እየተሠራ ይፈርሳል እንጂ።

እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በቤተ ሙከራ እየተባዙ የሚኖሩት፣ ሄንሪዬታ ላክስ ከተባለች ታማሚ የተወሰዱት የማህፀን በር ካንሰር ሕዋሳት 18 ቁጥሩን ቫይረስ የተሸከሙ ናቸው። ተመራማሪዎች ኢ6ንም ኢ7ንም ሲያፍኑባቸው ሕዋሳቱ በአብዛኛው አርጅተው ቆሙ። ኢ6 ብቻ ታፍኖ ኢ7 እንዳለ ሲተው ግን ከቆሙት ሌላ የሞቱም ነበሩ። በሁለቱም ጊዜ ፒ53 ተመልሷል፤ ልዩነቱ ፒ53 «ቁም» በሚልበት ሰዓት «ሂድ» የሚል መኖር አለመኖሩ ነው።

ክትባቱ ይህን ሁሉ አይነካም። ቫይረሱ ወደ ሕዋስ ሳይገባ ሰውነት በሚያዘጋጀው መከላከያ እንዲያዝ ያደርጋል፤ ከገባ በኋላ ግን አያስወጣውም። ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለሆነ ቀድሞ መሰጠት አለበት። ልጇን ለክትባት ይዛ የምትሄድ የ35 ዓመት እናት ግን ለራሷ የሚያስፈልጋት ሌላ ነው፦ በጤና ጣቢያ የማህፀን በሯ አሴቲክ አሲድ ተቀብቶ ነጭ የሚሆን ቦታ መኖሩ ይታያል፤ ከተገኘና ለሕክምናው የሚመች ከሆነም ወደ ካንሰር ሳይለወጥ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይወገዳል።