ስልኩን ማን አስጻፈው?

ስልክን ፈለሰፈ የሚባለው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምር መምህር ነበር። እናቱ ጆሯቸው በደንብ አይሰማም፤ ሚስቱ ሜብልም በልጅነቷ ታማ መስማት አቁማለች። እ.ኤ.አ. በ1876 በስሙ ያስመዘገበው መሣሪያ ግን ለሚስቱ እንኳ የማይሆን ሆኖ ቀረ። ስልክ በየቤቱና በየቢሮው በገባ ቁጥር የማይሰሙት ይበልጥ ከሌላው ሰው ወደኋላ ቀሩ። ሐኪም ለመጥራት ጎረቤት ማስቸገር፣ ጓደኛን ለማግኘት መኖር አለመኖሩን ሳያውቁ ደጁ ድረስ መሄድ ግድ ነበር። 88 ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ1964 ጄምስ ማርስተርስ በካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና ከተማ ጥርስ የሚያስተካክል ሐኪም ነበር። አይሰማም። ስልክ ሲደወል የሚሰማ ሰው ያዳምጥለታል፤ እሱ የዚያን ሰው ከንፈር እያነበበ በራሱ አንደበት ይመልሳል። ይህ ሰው የራሱን አውሮፕላን ያበር ነበር። ሰማይ ላይ ብቻውን የሚሄድ ሰው ለአንድ ስልክ አጃቢ ያስፈልገዋል።

በዚያው ግዛት ሮበርት ዋይትብሬክት የሚባል የፊዚክስ ባለሙያ ነበር፤ እሱም አይሰማም። ከሥራ ውጭ ደስታው አማተር ሬዲዮ ነው። ቴሌታይፕን፣ ማለትም የዜና ወኪሎችና የቴሌግራፍ ቢሮዎች መልእክት ያትሙበት የነበረውን ትልቅ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ከሬዲዮው ጋር አገናኝቶ ሩቅ ካሉ ሰዎች ጋር በጽሑፍ ያወጋል። ከጎረቤቱ ጋር ግን በስልክ መነጋገር አይችልም። ማርስተርስ አገኘውና ጠየቀው፤ በሬዲዮ የሆነው በስልክ መስመር ለምን አይሆንም?

የመጀመሪያው እንቅፋት የቴክኒክ ጉዳይ አልነበረም። ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ የሌላ ሰው መሣሪያ ከመስመሩ ጋር እንዳይያያዝ ይከለክል ነበር። ዋይትብሬክት ክልከላውን ሳይጥስ አለፈው። የስልኩ እጀታ ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ ባለው ማቀፊያ ላይ ይጋደማል፤ እያንዳንዱ ፊደል በሁለት ድምፆች፣ በ1400 እና በ1800 ኸርዝ፣ ተቀምሮ በእጀታው በኩል ይሄዳል። በሌላው ጫፍ ድምፁ ተመልሶ ፊደል ይሆናል። ሽቦ ከሽቦ አልተነካካም፤ ስልኩ ፉጨት ነው የሰማው።

ሁለተኛው ግን ፈተነው። በረጅም ርቀት መስመር ላይ የገደል ማሚቶ አለ፤ የተላከው ድምፅ ተመልሶ ይመጣና ፊደሎቹን ያምታታል። ሲፈትሽና ሲያስተካክል ቆይቶ በዚያው በ1964 ከሬድዉድ ሲቲ ወደ ፓሳዲና የደወለው ጥሪ ተሳካ። መጀመሪያ የወጣው የማይነበብ ዝብርቅርቅ ነበር፤ በኋላ ቃላቱ ጠርተው ታተሙ። ሁለት መስማት የተሳናቸው ሰዎች ያለ አስተርጓሚ በስልክ ተነጋገሩ። ተራቸውን ለመጠበቅም አንዱ ሲጨርስ፣ ተራው ያንተ ነው ለማለት፣ ጂ እና ኤ የሚሉትን ሁለት ፊደሎች ይጽፋል።

የቀረው መሣሪያ ማግኘት ነው። አዲስ ቴሌታይፕ ውድ ነበር፤ አሮጌዎቹ ደግሞ ይጣላሉ። አንድሪው ሳክስ የተባለው፣ እሱም የማይሰማ፣ ሦስተኛው ባልደረባቸው የንግዱን ጎን ያዘ። ኤቲ ኤንድ ቲ በ1968 ያገለገሉ መሣሪያዎቹን ለመስጠት ተስማማ። በየከተማው መስማት የተሳናቸው ሰዎች አንድ ሰው የማያነሳውን ብረት ተሸክመው፣ ጋራዣቸው ውስጥ ጠግነው አከፋፈሉ። እኔ ከፈጠራው ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል፤ ቴሌታይፑም ስልኩም ቀድሞ ነበር፤ ያልነበረው ጉዳዩን ጉዳዬ የሚል ሰው ነው።

ከማይሰማ ወደሚሰማ ሰው መደወል ግን በመካከል የሚያነብና የሚጽፍ ኦፕሬተር ይጠይቅ ነበር። በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት ሸፈኑት። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ በ1990 ሲወጣ ይህን አገልግሎት በመላ አገሪቱ እስከ ሐምሌ 1993 ማዳረስ የስልክ ኩባንያዎች ግዴታ ሆነ። ዋይትብሬክት ይህን አላየም፤ በ1983 ሞቷል።